የኪራይ እናት

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሚኒያፖሊስ አጠገብ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሶፎንያስ አለልኝ፣ ለንደን

ስለ ጤናህ አልጠይቅም። በቪዲዮ አይቼሃለሁ፤ ወፍረሃል፣ ከረባትህም አምሮብሃል። እኛ እንዴት እንዳለን አንተም ስላልጠየቅህ እኩል ነን።

የጠየቅኸው ፎቶ ነው። «ለመጽሐፌ የእማዬ የድሮ ፎቶ ያስፈልገኛል፤ ከተቻለ ነጠላ የለበሰችበት፣ ብዙም ያላጌጠችበት፣ ከኋላዋ ዛፍ ነገር የሚታይበት» ብለህ ጽፈሃል። ወይ ጉድ! የእናትህን ፎቶ ነው የምትፈልገው ወይስ ለፊልም ተዋናይ እያስመረጥከኝ ነው? በእጄ ያሉትን ልንገርህ። እማዬ በግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምታ፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከተማሪ ሰልፍ ፊት ቆማ። እማዬ ቢሮዋ ውስጥ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ ፎቶ አንሺውን «ሸሚዝህን አስገባ» ልትለው ስትል። እንጨት የተሸከመችበት ግን የለንም። ያልሆነ ነገር ፎቶ አይነሣም።

አዎ፣ ሰምተናል። ሶሊያና ናት ያገኘችው። «አጎቴ ፓርላማ ሲገባ የተናገረው የመጀመሪያ ንግግር» ብላ እየዘለለች፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ትልቁ ስክሪን ላይ አስከፈተችው። ልጄ ምን ታድርግ፤ እዚሁ የተወለደች ናት፣ አያቷ ድሮ ምን እንደነበረች ከየት ታውቃለች? ሕዝቡ ሻዩን እንደያዘ ወደ ስክሪኑ ዞረ። አንተ አረንጓዴው ወንበር መሀል ቆመህ፣ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ፣ «ማንበብና መጻፍ የማትችለው እናቴ ከእንጦጦ ጋራ እንጨት እየተሸከመች አሳደገችኝ» አልክ። እንግሊዞቹ በአድናቆት አጉረመረሙልህ። እማዬ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረች ሴት ናት፤ ተርጉሙልኝ አላለችም።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ሴቶቹ እጇን ይዘው አይለቋትም። «እትዬ ስንታየሁ፣ ይህን ሁሉ ችለው ዝም አሉ!» ይሏታል። አንዷ በሸክም ለተጎዳው ወገቧ ቅባት አመጣችላት። ሌላዋ ሴንት ፖል ውስጥ ለአዋቂዎች ማንበብ የሚያስተምሩበት ክላስ እንዳለ፣ ድራይቭ አድርጋ ልትወስዳት እንደምትችል ነገረቻት። እማዬን! ሞሲሳ እንኳ፣ ልጅ ሆኖ እሷ ትምህርት ቤት የተማረው፣ ዛሬም ስትገባ ከወንበሩ ብድግ የሚለው፣ «እትዬ፣ ለመሆኑ ከማስተማርዎ በፊት...» ብሎ ጀምሮ ነበር። አየችው። ዋጠው።

አሁን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች። «የምሄደው ላስቀድስ እንጂ ሊታዘንልኝ አይደለም» አለች። እዚህ አገር ከቤት የሚያስወጣት እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ወሰድክባት።

ስልክህን አላነሣም። በስልክ አፍህ ይጣፍጣል፤ እኔም እሸነፋለሁ። ጻፍ።

እህትህ ማሚት

—

ለንደን፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለሜ፣

እንደምን ከረማችሁ? እማዬስ እንዴት ናት? ይህን ባለፈው መጠየቅ ነበረብኝ፤ ይቅርታ። ደብዳቤሽን የቢሮዬን በር ዘግቼ አነበብኩት።

ከዚያ ወዲያ በላክሽልኝ ቁራጭ ወረቀት «ማን አስገደደህ?» ብለሻል። ማንም። እዚህ አገር ማንም ማንንም አያስገድድም፤ ችግሩም እሱ ነው። ፈገግ ብለው ወንበር ይስቡልሻል፣ አንቺም በገዛ እግርሽ ሄደሽ እነሱ በፈለጉት ቦታ ትቀመጫለሽ።

የዚህን ፓርላማ ገመና ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መጽሐፉን የጀመርኩት ልናገር ብዬ ነው፤ አንቺ ቀድመሽ ስሚው። የመጀመሪያ ቀን የካፖርት መስቀያ ሰጡኝ። ስሜ ተጽፎበታል፣ ከሥሩ ቀይ ሪባን ተንጠልጥሏል። ምንድን ነው ብል «ሰይፍዎን የሚያንጠለጥሉበት» አሉኝ። ሳቅኩ። አስተናጋጁ አልሳቀም። ለካ አያቱ ሰይፍ የነበረው ሰው ቤት ነው የገባሁት፤ ሰይፍ ያልነበረው ደግሞ ሌላ የሚያንጠለጥለው ነገር ይዞ መምጣት አለበት።

ያንን ነገር ያመጣችልኝ ለምርጫ ስወዳደር ፓርቲው የመደበልኝ አማካሪ ናት። ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ። እናቴ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፣ አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የእኔም እናት ዳይሬክተር ነበረች፤ ይሄ ታሪክ አይደለም» አለች። ቤታችን ከእንጦጦ ሥር ነበር ስላት እስክሪብቶዋን መልሳ አነሣች። «እዚያ ሴቶች እንጨት ይሸከማሉ አይደል? እናትህስ?» ዝም አልኩ። ዝምታዬ በእሷ ወረቀት ላይ «አዎ» ሆኖ ተጻፈ። ከዚያ በራሪ ወረቀት ላይ ወጣ፣ ሰው ወደደው፣ እኔም ተመረጥኩ። ፓርላማ ስገባ ደግሞ ሁሉም የሚጠብቀው እሱን ሆነ። ማንበብ አትችልም የሚለውን ግን እኔ ራሴ ጨመርኩ። ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም፤ ቤቱ ሞቅ ብሎ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ትስቂበታለሽ። እዚህ ምክር ቤት ውስጥ አንድን አባል «ውሸታም» ማለት ክልክል ነው። ቃሌን አልመልስም ያለ ከአዳራሹ ይወጣል። የዋሸው ቁጭ ይላል።

እባክሽ አጠገቧ ተቀምጠሽ አስረጂልኝ። ፖለቲካ ነው በያት። ምን ባደርግ ይቅር እንደምትለኝ ጠይቂልኝ።

ወንድምሽ ሶፎንያስ

—

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ ውሸታምን ውሸታም ማለት ይፈቀዳል። ውሸታም። ይኸው ጻፍኩት፣ ማንም አላስወጣኝም።

አልሳቅሁም። የናርሲንግ ሆሙን ሺፍት ጨርሼ፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተትኩ ገብቼ ነው ያነበብኩት፤ ለሳቅ የተረፈኝ ጉልበት የለም። ለእማዬ ግን ቃል በቃል አነበብኩላት። መጨረሻው ላይ «ያቺን አማካሪ አትውቀሷት» አለች። «እሷ ሥራዋን ነው የሠራች። እሱ ግን የኪራይ እናት ይዞ ቢሮ ሲገባ የመጀመሪያው አይደለም።»

ትዝ አለህ? ካልታወሰህ ላስታውስህ፤ መጽሐፍህ ውስጥ የለም መሰለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሆነህ ከትምህርት ቤት ስትፎርፍ ተያዝክ፤ «ወላጅህን ይዘህ ና» ተባልክ። ለእማዬ መንገር ሞት ሆነብህ፤ የአንዱ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ልጅ በሌላው ሲባረር! ስለዚህ እንደ ሰፈሩ ዱርዬ ሁሉ ወላጅ ተከራየህ። ከጋራው እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴትዮ አስቁመህ፣ ምሳ ዕቃህን ከነምግቡ ሰጥተህ፣ «እናቱ ነኝ በዪልኝ» አልካት። ምስኪን፣ ሸክሟን በሩ ላይ አውርዳ ገባች። ከእናት በላይ አለቀሰችልህ አሉ። «አባቱን በልጅነቱ ተነጥቆ ነው» ብላም ጨመረች፤ አባባ በዚያን ሰዓት ቢሮው ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ሲያነብ።

እንደ ዕድል ሆኖ የትምህርት ቤቱ ተቆጣጣሪ እማዬን ያውቃታል። አስጠራት። ሁለት እናት ይዘህ አንድ ቢሮ ውስጥ ቆምክ። እማዬ አልመታችህም። ሴትዮዋን አስቀምጣ ሻይ አስመጣችላት፤ አንተን ግን ያን የእንጨት ሸክም አሸክማ ሴትዮዋ ቤት ድረስ አስወሰደችህ። ትከሻህ ተልጦ መጥተህ እኔ ነኝ በሙቅ ውኃ ያጠብኩልህ። ያ ነው ከእንጨት ጋር የነበረህ ትውውቅ።

እና አሁን፣ ምን ባደርግ ይቅር ትለኛለች ላልከው፣ መልሷ ይህ ነው። በዋሸህበት ቤት፣ በዋሸህበት ወንበር ላይ ቆመህ እናትህ ማን እንደሆነች ትናገራለህ። በመጽሐፍ ግርጌ አይደለም፣ በስልክም አይደለም። እስከዚያ ድረስ እሷ ድምፅህንም አትሰማም፣ ፊትህንም አታይም። «እንጨት መሸከም ነውር ሆኖ አይደለም» አለችኝ። «ነውሩ የሠራሁትን ሥራ ሁሉ ከላዬ አውልቆ እርቃኔን ማቆሙ ነው። ሰው ፊት።» ይህን ስትል ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። እናታችን ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም፤ አንተን እዚያው ብገድልህ ደስ ባለኝ።

ማሚት

—

ለንደን፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ገና ሊደርስ ነው፤ እንኳን አደረሳችሁ። የእማዬን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። አልችልም።

አልፈልግም አላልኩም፤ አልችልም ነው ያልኩሽ። ምክንያቱን ስሚ። ከበዓሉ በኋላ የካቢኔ ሽግሽግ አለ፤ ምክትል ሚኒስትር እንደምሆን ተነግሮኛል። «ተነግሮኛል» ስልሽ ማንም በግልጽ አልነገረኝም። አንድ የማልወደው ሽማግሌ አባል ኮሪደር ላይ ትከሻዬን መታ አድርጎ ስለ አየሩ አወራኝ። ሌላ ጊዜ ሲያልፈኝ አያየኝም። እዚህ ሹመት የሚነገርሽ እንዲህ ነው። ሽረትም እንዲሁ ነው፤ ስለ አየሩ የሚያወራሽ ሰው አታገኚም።

እነዚህን ሰዎች አንቺ አታውቂያቸውም። ቅዳሜና እሑድ ገጠር ቤታቸው ይጋብዙኛል። በምሳ ላይ ስለ ውሾቻቸው የዘር ሐረግ ይነግሩኛል፣ ስለ እኔ ዘር ደግሞ ይጠይቁኛል፤ ለውሻውም ለእኔም ያው ደግ ፈገግታ ነው። ቀኑን ሙሉ «ሚስተር አለልኝ» እያሉ አባባን ይጠሩታል፤ መጀመሪያ ሰሞን ዞር ብዬ እፈልገው ነበር። ተሳስቼ ሹካ ባነሣ ማንም አይናገረኝም፤ ብቻ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ለአንድ አፍታ ወሬ ያቆማል። እጠላቸዋለሁ። እውነቱን ንገረኝ ካልሽ፣ እንደሚጠሉኝ እያወቅሁ እንዲወዱኝ ስለምፈልግ ይበልጥ ራሴን እጠላለሁ።

እና በእነዚህ ሰዎች ፊት ቆሜ «ዋሽቻለሁ» ልበል? ከዋሹት ውስጥ ስንቱን በስም ልጠራልሽ እችላለሁ! ግን የእነሱ ውሸት አያታቸውም የዋሸው ነው፤ ልማድ ሆኗል። የእኔን ግን «ድሮስ» ይሉታል። ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ከእኔ በኋላ በዚያ በር ለሚገባ ጥቁር ሁሉ።

ስለዚህ ሌላ መንገድ አስቤአለሁ። የካቲት ላይ ሚኒያፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ንግግር እንዳደርግ ተጋብዣለሁ። እስከዚያ ሽማግሌ ልላክ። ቄሱንና ሞሲሳን ለምኜአለሁ፤ እሺ ብለዋል። መጽሐፉ ውስጥ ደግሞ አስተካክለዋለሁ፤ «የተማረች ሴት ነበረች» እላለሁ። እንጨቱ ግን ይቆይ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል እኮ!

ሶፎንያስ

—

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶፎንያስ፣

ሽማግሌዎችህ መጥተው ነበር። «እንዴት ሆነ? ቶሎ ንገሪኝ» ብለህ ለሶሊያና መልእክት ልከሃል። ልጅቷን በመሀል አታስገባ፤ የማይሆን ነገር ከፍታ በማሳየቷ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች።

ቄሱ ጸሎት አድርገው ጀመሩ። ልጅ ቢያጠፋ እናት ታልፋለች፣ የማርያም ልብ አለሽ፣ ምናምን። ሞሲሳ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ፤ «ተቀመጥ» እስክትለው አልተቀመጠም፣ ስትለውም ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠው። ሲናገር ግን ደህና ተናገረ። «እትዬ፣ እኔ የትራክ ሹፌር ነኝ፣ ፓርላማ አላውቅም። ግን በአገሬ ልጅ የበደለ እንደሆነ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ እናትም ድንጋዩን ታወርድለታለች» አላት።

«ድንጋዩን ተሸክሞ ይምጣ፣ አወርድለታለሁ» አለች እማዬ። «እናንተን አሸክሞ ከላከ ግን ምኑን ላውርድ? የእሱን ሸክም ሰው እየተሸከመለት እስከ መቼ ነው?» ቄሱ «ታዲያ ተጣልታችሁ ልትቀሩ ነው?» ሲሏት፣ «አባቴ፣ ከማላውቀው ሰው ጋር አልጣላም። ሰውዬው የእንጨት ተሸካሚ ልጅ ነኝ ብሏል፤ ያቺ ሴትዮ ታስታርቀው» አለች። ከዚያ ተነሥታ የቄሱን መስቀል ተሳለመች፣ ሞሲሳን ስለ ልጆቹ ማርክ ጠየቀችው። አለቀ።

«ሁለቱም ሊሆን ይችላል» ላልከው፣ ጨርሶ አላነበብኩላትም። አፈርኩልህ። የተማረች እንጨት ተሸካሚ! ገበያ መሰለህ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ልትሸጥ።

ሹመትህ እንዳይበላሽ ነው ያልከው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ አንተ ደግሞ የብብትህን የጣልከው ድሮ ነው፣ አሁን እየረገጥከው ነው። ከኋላዬ ለሚመጣው ጥቁር ሁሉ ያልከውንማ ለእንግሊዞች ንገራቸው። እኔ ኋላህ ያለሁት እህትህ ነኝ፤ ለእኔ ምን አተረፍክ?

መምጣትህን አልከለክልህም፤ በሩን የመክፈት ሥልጣን ግን የለኝም።

ማሚት

—

ሚኒያፖሊስ፣ ከሆቴል፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ይህን ሞሲሳ በእጁ ያደርስሻል። ሥራ ላይ ነበርሽ፤ የሆነውን ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

ንግግሬን እንደጨረስኩ አጨበጨቡልኝ፤ ወዲያው ሞሲሳ ወደ እናንተ ይዞኝ መጣ። ከሕንፃው በር ቆሜ መጥሪያውን ተጫንኩ። ብርዱን ታውቂዋለሽ፤ ትንፋሼ ሻርፔ ላይ በረዶ ሠርቷል። ድምፅዋ ከመጥሪያው መጣ።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ እማዬ። ሶፎንያስ ነኝ።»

«ሶፎንያስ ማን?»

«ሶፎንያስ አለልኝ።»

«አባትህንስ አውቀሃል። እናትህ ማን ትባላለች?»

ወረቀት ሳልይዝ ስንት ሰዓት የምከራከር ሰው፣ እዚያ በር ላይ የእናቴን ስም መጥራት አቃተኝ። ብጠራው የዋሸሁትን ሁሉ በዚያው መመለስ እንዳለብኝ ስለማውቅ ነው። እሷም ይህን ታውቃለች። ከዚያ በዚያ በሰልፍ ድምፅዋ፣

«ወላጅህን ይዘህ ና» አለች። መጥሪያው ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

ደግሜ ተጫንኩ። አልመለሰችም። ለጎረቤት የመጣ አንድ ልጅ በሩን ሊከፍትልኝ ፈልጎ ነበር፤ እንዳይከፍት በእጄ ከለከልኩት። መኪና ውስጥ ስገባ ሞሲሳ ሞተሩን አስነሥቶ «እኔንም አንድ ጊዜ እንዲህ ብለውኛል» አለኝ። «ታዲያ ምን አደረግህ?» አልኩት። «ምን አደርጋለሁ ክቡርነትዎ፤ ይዤ መጣሁ» አለ። ሊስቅብኝ አልነበረም። በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ።

እውነቴን ነው፣ ተናድጃለሁ። ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣ ልጅ በዚህ ብርድ ከበር ይመለሳል? ስለ አንድ አረፍተ ነገር? እዚያ ያሉት ጌቶች እንኳ በር አይዘጉብኝም፤ በሩን ከፍተው ነው የሚያዋርዱኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ? ልክ ነች ትያለሽ?

ሶፎንያስ

—

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶፎንያስ፣

ልክ ነች።

ማታ ከሥራ ስገባ ወንበሯን መስኮቱ ሥር አስጠግታ ተቀምጣለች። መብራት አላበራችም። የሞሲሳ መኪና ቆማ የነበረችበትን ቦታ ነው የምታየው። ራት አልበላችም፣ ዓይኗ አብጧል። አላለቀሰችም ልልህ ፈልጌ ነበር፤ እንድትጎዳ ነው እውነቱን የምነግርህ። ቁመትህን አይታለች። «ኮቱ ስስ ነው» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አላለችም።

እንግዲህ ስለ አንድ አረፍተ ነገር የተቀጣህ መስሎህ ከሆነ ምንም አልገባህም። እናትህ ትምህርት ቤት ስትገባ ሴት ልጅ ምን ታደርጋለች ብለው አባቷ ደብተሯን የቀደዱባት ናት። ተደብቃ ነው ያነበበችው። አንተ በአንድ ቃል መልሰህ ቀደድክባት፤ በሚያደንቅህ ሕዝብ ፊት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂው ብላኛለች። ያቺ እንጨት የምትሸከም ሴትዮ ስሟ ማን ይባላል? ቤቷ ድረስ ሄደሃል። ሸክሟን ተሸክመሃል። ምሳህን በልታልሃለች፣ አልቅሳልሃለች። በልጅነትህ አንዴ፣ ካደግህ በኋላ ደግሞ ዓለም ሁሉ እያየ እናቴ ናት ብለሃታል። ስሟ ማን ነው?

ማሚት

—

ለንደን፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ስሟን አላውቅም። ከአውሮፕላኑ ጀምሮ ሳስታውስ ከረምኩ። ግቢዋን አስታውሳለሁ፣ ውኃ የሰጠችኝን ጣሳ አስታውሳለሁ፤ ስሟን ግን አልጠየቅኋትም። ይህን ሳውቅ ነው የተሸነፍኩት። እነዚህን ሰዎች የምጠላቸው ስሜን በቅጡ ስለማይጠሩ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ተናገርኩ። አንድ አባል የግል መግለጫ ሲሰጥ ቤቱ ሳያቋርጥ ይሰማል፤ ልማዱ ነው። እንዴት እንደነበር አልጽፍልሽም፤ ሶሊያና ማግኘቷ አይቀርም። ያልኩትን በአማርኛ ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። በእጄ ነው የጻፍኩት፤ ለእማዬ ስጪልኝ።

የሆነውን ብቻ ልንገርሽ። ከዚያ ወደ ምክር ቤቱ ሻይ ቤት ገባሁ። የነበሩት ሁሉ ተነሥተው ጨበጡኝ። «እንዴት ያለ ድፍረት ነው!» አሉኝ። ከዚያ እያንዳንዱ ስኒውን አንሥቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። ያ ኮሪደር ላይ የነበረው ሽማግሌ ብቻ አጠገቤ ቀረና ሻዩን ጨርሶ፣ ሳያየኝ «እኔ የዋሸሁት ስለ አያቴ ነበር» ብሎኝ ወጣ። ስለ አየሩ አላወራኝም። ሹመቱ ለሌላ ተሰጥቷል። በዚህ ቤት ሹማምንት ፊት ይቀመጣሉ፣ የቀረው ከኋላ፤ እኔም ግድግዳው ሥር ተመልሻለሁ። አማካሪዋ ደውላ ነበር፤ «ምን ነካህ? ቆንጆ ታሪክ ነበር እኮ» አለችኝ። ጋዜጦቹ የጻፉትን አታንብቢ። ያልኩሽን «ድሮስ» ብለዋል።

ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽሽም። አንዳንድ ሌሊት እናንተን እረግማለሁ። መጽሐፉን ግን እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ።

ለእማዬ እንዲህ በያት። ወላጄን ይዤ መጥቻለሁ። ስሟ ወይዘሮ ስንታየሁ ነው፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። ልግባ?

ሶፎንያስ

—

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶፎንያስ፣

ስለ ጤናህ እጠይቃለሁ። እንዴት ነህ? ወፍራም ኮት ገዛህ?

እኔ ገና አልበረደልኝም። የገባህ ቀን ደህና አድርጌ እሰድብሃለሁ፤ ከዚያ እንተያያለን። እሑድ ዕለት ግን እማዬ ግራጫውን ሙሉ ልብስ ለበሰች። ሰፍቷታል፤ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩላት። በራሷ ጊዜ ሶሊያናን «ያንን የአጎትሽን አዲሱን ክፈቺላቸው» አለቻት። ሕዝቡ ሲያይ እሷ አላየችም፤ ሕዝቡን ነበር የምታየው። አንተ ቪዲዮው ላይ ስሟን ስትጠራ ሞሲሳ ከኋላ ብድግ አለ፤ ከዚያ ቄሱ፣ ከዚያ ያቺ ቅባት ያመጣችው። «ተቀመጡ» አለቻቸው። ተቀመጡ።

በእጅህ የጻፍከውን ከእኔ ተቀብላ ክፍሏ ገባች፤ ቀዩን እስክሪብቶዋን ይዛ። ስትወጣ የሰጠችኝን መልሼልሃለሁ፤ አርማዋለች። ሁለት ቦታ ነጥብ ረስተሃል፤ ከአሥር ስድስት አግኝተሃል። ግርጌው ላይ በራሷ ጽሕፈት ያለው ይህ ነው፤ እንዳይጠፋብህ እዚህም ገለበጥኩልህ።

«ሴትዮዋ ሲንቄ ትባላለች። ትልቋን ልጇን እኔው ትምህርት ቤት ተቀብዬ አስተምሬአታለሁ። አራት ማርክ የተቀነሰው ስሟ ስለሌለ ነው፤ በመጽሐፍህ አስገባው።

ተማሪው ወላጁን ይዞ ቀርቧል። ለፋሲካ ይግባ። ከኋላ ይቀመጥ።»

ማሚት